ያልተቆጠረው እሑድ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ የነበርነውን አስቀድሜ አንድ በአንድ ላስተዋውቅ። ኋላ ጥፋቱ ሲመጣ ማን በማን ላይ እንዳላከከ ለመለየት ይጠቅማል።

አንደኛዋ ባለቤቴ አስካለ ናት። ቡታጅራ ተወልዳ፣ ቡታጅራ አድጋ፣ ቡታጅራ አግብታኝ፣ በእኔ የሥራ ዝውውር ምክንያት ቦሌ ሚካኤል የመጣች ሴት። ብዙ አትናገርም። የምትናገረው ጥቂት ነገር ግን ሳምንት ያህል ጆሮ ውስጥ ይቆያል።

ሁለተኛዋ ልጃችን ትዕግሥት ናት፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አብዛኛውን ትዕግሥቷን የምታወጣውም በእኔ ላይ ነው።

ሦስተኛው ጎረቤታችን ከድር ነው። የስልጢ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የብረት በርና የብረት አልጋ የሚሠራባት ጠባብ ቤት ያለችው። መኪናዋ የእርሱ ናት። ስትገዛ ነጭ ነበረች ይባላል። ከድር ግን አንድ በሯ ሲወልቅባት በገዛ እጁ ከቆርቆሮ ሌላ በር ሠርቶ ሰማያዊ ቀለም ቀባው። በሩ ጠንካራ ነው፤ የሚከፈተው ግን ከውጭ ብቻ ነው። እኔ የምቀመጠው በዚያ በኩል ነበር።

አራተኛዋ አዴ ጫልቱ ናቸው። በጊዜው ገና አላወቅናቸውም፤ ስለዚህ ተራቸው እስኪደርስ ይቆዩን።

አምስተኛው እኔ ነኝ። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ስኳር ከተጠቀለለባቸው ጋዜጦች ላይ ነው፤ የብዙዎቹ ዜናዎች መጨረሻ ተቀዶ ሌላ ደንበኛ ዘንድ ስለሚሄድ እስከ ዛሬ ያልጨረስኳቸው ጉዳዮች አሉ። የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ሲመጡ ተምሬ ጠበቅኋቸው። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፦ አስተማሪ ስላልነበረው «ተሳስተሃል» መባልን አልለመደም። ይህ አመል እንዳለብኝ ያወቅሁት በዚያ እሑድ ነው። ሌሎቹ ቀድመው ያውቁት ኖሯል።

ስድስተኛው ሰው አይደለም። አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን ነው።

ከቡታጅራ ስንመጣ የአስካለን ዕቃ የያዘው ይህ ሳጥን አልጋችን እግርጌ ተቀመጠ፤ ስምንት ወር ሙሉም ከዚያ አልተነሣም። ልብስ ስትፈልግ ትከፍተዋለች፣ ታወጣለች፣ ትለብሳለች፣ ታጥባለች፣ አጣጥፋ መልሳ ትከተዋለች፣ ትቆልፈዋለች። በስድስት ወር ዕቁብ ቁም ሣጥን ገዛሁላት። በግራ በኩል የእኔ ካፖርትና የትዕግሥት ዩኒፎርም ተንጠለጠሉ። የቀኙ ወገን ባዶ ቀረ። ጧት ጧት ካፖርቴን ላወጣ በሩን በከፈትኩ ቁጥር ባዶዎቹ መስቀያዎች እርስ በርሳቸው ይጋጩና ይንጫጫሉ።

አንድ ቀን ምን እንደጎደላት ጠየቅኋት። አስባ «ውኃው አይጥመኝም» አለችኝ። ቧንቧው ግቢያችን ድረስ የገባ፣ ገንቦ መሸከም የቀረላት ሴት፣ ውኃው አይጥመኝም ስትል መጀመሪያ ምስጋና ማጣት መሰለኝና ስለ ንጹሕ ውኃ ጥቅም ጥቂት ደቂቃ አስረዳኋት። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀችኝ።

«የትዕግሥት አባት፣ ሳጥኑ ውስጥ በመሐረብ የቋጠርኩት ዘጠኝ ብር አለ» አለችኝ። «የእኔና የልጅቷ መሣፈሪያ ነው። እስከ ገና ልሞክረው። ካልሆነልኝ ግን እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አንተን የመኪና አላስቸግርህም።»

ያለ ቁጣ ነው ያለችው። ቁጣ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

ሦስት ቀን አሰብኩ። በአራተኛው ቀን አንድ ነገር ተገለጠልኝ፦ ሰው የማያውቀውን ቦታ አይወድም። አስካለ ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤት እንጂ ዙሪያችን ምን እንዳለ አላየችም። እኔም ከቤት ወደ መጋዘን እንጂ አላየሁም፤ ይህን ግን ያን ጊዜ አልቆጠርኩትም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ቤተሰቡ እየወጣ አካባቢውን እንዲያውቅ ወሰንኩ። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው በወረቀት ያልሠፈረ ነገር ያለ አይመስለውም፤ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። ተራ ቁጥር፣ የሚጎበኘው ቦታ፣ መነሻ ሰዓት፣ የሚገኘው ትምህርት። ግድግዳው ላይ ስለጥፈው አስካለ ቆማ አየችውና ምሳ የቱ ጋ እንደተጻፈ ጠየቀችኝ። ለምሳ የሚሆን ዓምድ አልነበረውም።

መኪናውን ከድር ሊሰጥ ተስማማ። እዚህ ላይ በዘመኑ ያልነበረ አንባቢ እንዳይቸገር አንድ ነገር ላስረዳ። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ እሱንም ለመቆጠብ እሑድ እሑድ የግል መኪና የሚነዳው በፈረቃ ነበር። አንዱ እሑድ የታርጋ ቁጥራቸው በሙሉ ቁጥር የሚያልቅ መኪናዎች፣ የሚቀጥለው እሑድ በጎዶሎ የሚያልቁት። የከድር መኪና በሰባት ታልቃለች። ስለዚህ በሠንጠረዤ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው እሑድ በመኪና፣ ሁለተኛውና አራተኛው በእግር ሆነ። ነገሩ እንዲህ ግልጽ ስለነበር ቀንና ወር መጻፍ አላስፈለገኝም። ከድርም የፈረቃውን ነገር ለእኔ ተወው፤ «አንተ ትቆጥራለህ» አለ፣ አበቃ።

በአንደኛው እሑድ አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ለማየት ሄድን። መኪናዋን ከአጥሩ ራቅ አድርገን አቁመን ስለ በረራ ማስረዳት እንደ ጀመርኩ ጥበቃው መጣና መቆም ክልክል መሆኑን ነገረን። አስካለ ስንመለስ «አየነው» አለች። ያየነው አጥር ነበር። በሁለተኛው እሑድ ገርጂ ባለው ሜዳ በእግር ስንሄድ ጭቃው የቀኝ ጫማዬን ወሰደ፤ ያገኘነው ትምህርት የለም። በሦስተኛው ወደ የካ ተራራ ወጣን፤ እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ወደ ላይ የወጣችው በእኛ ግፊት ነው። በአራተኛው ቡልቡላ ስንደርስ ከክረምት የተረፈ ዝናብ ነበርና እሱ ወረደብን። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አስካለ ጫማዋን አጥባ፣ ነጠላዋን አድርቃ፣ አጣጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ትከታለች። የቁልፉን ድምፅ ሌላ ክፍል ሆኜ እሰማዋለሁ።

ተስፋዬ ሁሉ በአምስተኛው እሑድ ላይ ነበር። ለገዳዲ። የቧንቧችን ውኃ የሚመጣበት ግድብ! ውኃው አልጣመኝም ላለች ሴት ውኃውን ከነምንጩ ከማሳየት የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? ገናም እየቀረበ ነበር።

ነገር ግን አምስተኛው መሆን በሚገባው እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ተቀምጠን ዋልን። ስለ ስብሰባው የምለው የለኝም፤ ጠቃሚ ነበር። ከድር ከኋላዬ ተቀምጦ ዓይኑን ገልጦ የመተኛት ችሎታ እንዳለው ያየሁት ያን ቀን ነው። ማታ ቤት ገብቼ ሠንጠረዡን አየሁ። የትም ስላልሄድን ምልክት የማደርግበት ነገር አልነበረም። አምስተኛው እሑድ ለሚቀጥለው ሳምንት እንደ ተቀመጠ ነው ብዬ ተኛሁ።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ብሎ ይሆናል። ይበል። እኔ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሑድ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። አስካለ አገልግሉን ይዛለች። ቆጮ፣ አይብና ጎመን ነው። ሥጋ አልነበረበትም፤ ከድር እስላም እኛ ክርስቲያኖች ነንና አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ማንም ሳይነግራት፣ እርሱም ሳይጠይቅ፣ አራታችን ከአንድ አገልግል የምንበላውን መርጣ ነው የሠራችው። ይህን ያየሁት ዘግይቼ ነው። በሠንጠረዤ ላይ የምሳ ዓምድ አለመኖሩ ያን ጊዜ አሳፈረኝ።

ላምበረት እስክንደርስ ስለ ውኃ ታሪክ ተናገርኩ። እዚያ የቆሙት የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች ጣራቸው ላይ ዶሮና ጆንያ እየጫኑ ነበር። አስካለ አንገቷን አዙራ፣ ከዓይኗ እስኪጠፉ ድረስ አየቻቸው። ወደ ሰሜን የሚሄዱ አውቶቡሶች ናቸው፤ ወደ ቡታጅራ አይሄዱም። ቢሆንም አውቶቡስ አውቶቡስ ነው። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ላምበረትን እንዳለፍን ትዕግሥት ከኋላ «አባዬ፣ አይቆጡኝ እንጂ፣ ያለፉን መኪናዎች ሁሉ ታርጋቸው በሙሉ ቁጥር ነው የሚያልቀው» አለች።

እኔ ደግሞ፣ ሳልደብቅ ልጻፈው፣ ዘወር አልኩና ልጅ መስኮት የምታየው ተፈጥሮን ለመመልከት እንጂ ታርጋ ለመቁጠር እንዳልሆነ ነገርኳት። ከድር መሪውን እንደያዘ በጎን አየኝ። እኔም ፊቴን አኮሳተርኩ። ፊቱን ያኮሳተረ ሰው ብዙ ጊዜ ያወቀ ይመስላል። ከድር ነዳ። ትዕግሥት ተፈጥሮን ተመለከተች፤ በተፈጥሮው መካከል ግን መኪና ባለፈ ቁጥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እሰማው ነበር። «ስምንት። አራት። ሁለት። ዜሮ።»

ከኮተቤ አለፍ እንዳልን ኬላው ላይ የትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ።

አልደነገጥኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ሠንጠረዡን አጣጥፌ በደረት ኪሴ ይዣለሁ። በክብር ወርጄ ላስረዳው ስል በሩ ከውጭ ብቻ እንደሚከፈት ትዝ አለኝ። በመስኮቱ እጄን አውጥቼ እጀታውን ብፈልገው አልደረስኩበትም። ፖሊሱ ጥቂት ሲያየኝ ቆይቶ ራሱ መጥቶ ከፈተልኝ፤ እንደ ልጅ ወረድኩ።

ዛሬ የሙሉ ቁጥር እሑድ መሆኑን በትሕትና ነገረን። እኔም በተመሳሳይ ትሕትና ተሳስተሃል አልኩትና ሠንጠረዡን ዘረጋሁለት። ሰውየው ደግ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ጽሕፈቱንም አደነቀ። ከዚያ ግን ጣቱ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ቆመ።

«ጋሼ፣ ያለፈው ሳምንት እሑድ የቱ ጋ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት የትም አልሄድንም» አልኩ። «የቀበሌ ስብሰባ ነበር።»

«ስብሰባው በምን ቀን ነበር?»

እስከ ዛሬ ከተጠየቅሁት ሁሉ እንዲህ ቀላል ሆኖ የከበደኝ ጥያቄ የለም። ሠንጠረዡን መልሼ አየሁት።

«እሑድ» አልኩ።

ፖሊሱ ሠንጠረዡን በጥንቃቄ በመጣበት እጥፋት አጥፎ መለሰልኝ። ጥፋት የሌለበት ወረቀት እንደሆነ፣ ሳምንት ብቻ እንደጎደለው ነገረኝ። መኪናዋ እስከ ሰኞ ኬላው ግቢ ትቆማለች፤ ቅጣቱ ሠላሳ ብር ነው።

ከድር ቁልፉን አስረክቦ መጣ። እንዲሰድበኝ ፈለግሁ። ስድብ ቢሆን ግማሹን እመልሳለሁ። እርሱ ግን መኪናዋን እያየ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንተ ቆጥረሃል ብዬ ነው» አለ። ሰው ሲያምንህና ስታሳፍረው፣ የሚልህ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ለልጄ ስለ ኃላፊነት አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ አድርጌ አሳጥሬው አላውቅም።

ወደ ትዕግሥት ሄድኩ። አባት ለልጁ መሳሳቱን የሚናገርበት ቃል በቤታችን አልተለመደምና ጥቂት ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ታርጋውን በተመለከተ ልክ ነበርሽ» አልኳት።

«እኔም እኮ እርግጠኛ አልነበርኩም አባዬ» አለችኝ። ውሸቷን ነው። አስተዳደጓ ጥሩ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በዚህ በኩል እናቷን ማመስገን ይገባል።

እናቷን ፈራሁ። ገና ሊደርስ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም፤ የመጨረሻው ተስፋዬ ኬላ ላይ ታስሯል። ወደ ላምበረት አቅጣጫ ዞራ ቆማ ነበር። አሁን ስለ ዘጠኙ ብር ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አገልግሉን ከመኪናዋ አወረደችና ከመንገዱ ዳር ካለው ሣር ላይ ነጠላዋን አነጠፈች።

«እንብላ» አለች። «ቆጮው ታርጋ የለውም።»

መጀመሪያ የሳቀው ፖሊሱ ነው፤ ቀጥሎ ከድር። እኔ ጥቂት ቆይቼ ሳቅሁ፤ ተከሳሽ ቀድሞ አይስቅም። ፖሊሱን ጋበዝነው፣ ሥራ ላይ ነኝ አለ፤ አስካለ ተነሥታ አጎረሰችው። ሥራ ላይ ቢሆንም ጎረሰ። ከዚያ በኋላ ቅጣቱ ይቀነሳል ብሎ ያሰበ አንባቢ ካለ ተሳስቷል፤ ሰውየው ሐቀኛ ነበር። ሠላሳ ብሩን አፉ እንደ ሞላ ጻፈው።

አዴ ጫልቱ የመጡት ይኼኔ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው የሣር ክዳን ቤት አንዲት ቀጠን ያሉ አሮጊት ከዘራቸውን እያወዛወዙ ሲመጡ መሬታቸው ላይ ተቀምጠን ያስቆጣናቸው መሰለኝ። በእርግጥም ተቆጥተዋል። ከድር ኦሮምኛ ስለሚችል ተረጎመልን፦ ቤት እያለ፣ ደጅ እያለ፣ ልጅ ይዛችሁ እንደ መንገደኛ አቧራ ላይ ምን አስቀመጣችሁ ነው የሚሉት። መንገደኞች ነን ብል ደግሞ፣ መንገደኛ እንኳ ቤት ይገባል አሉኝ። አገልግሉን ራሳቸው አንሥተው ቀደሙን።

ግቢያቸው ውስጥ ከአንድ ግራር ሥር አስቀመጡን። አስካለ ኦሮምኛ አትችልም፤ እሳቸውም ከአማርኛ የሚያውቁት ጥቂት ነው። ከድር መካከላቸው ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ቆየ። ኋላ ሁለቱ ሴቶች አላስፈለጋቸውም። አዴ ጫልቱ ቆጮውን ቀምሰው፣ በጣታቸው አሽተው፣ ከምን እንደሚሠራ በእጃቸው ጠየቁ፤ አስካለ የእንሰቱን ቁመት፣ አቆራረጡን፣ አቀባበሩን በእጇ አሳየቻቸው። ከድር «ምን አለች?» እያለ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር። እኔ ምን አውቃለሁ። ከቡታጅራ ከመጣን ስምንት ወር ሙሉ እጇ እንዲህ ብዙ ሲናገር አላየሁም።

አዴ ጫልቱ ውኃ አመጡ። ከቤታቸው በታች ካለው ምንጭ የተቀዳ ነው። አስካለ ተቀበለች፣ አንድ ጊዜ ጎነጨች፣ ቆመች። መልሳ ጎነጨች። ከዚያ ሳታቋርጥ ጠጣችው።

«ይኼ ውኃ ነው» አለች።

ስለ ምንጭ ውኃና ስለ ቧንቧ ውኃ ልዩነት የማውቀውን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ትዕግሥት እጅጌዬን ያዝ አደረገችኝ። አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ ካስተማርኳቸው ትምህርቶች ሁሉ ይህ ዝም ያልኩት ሳይሻል አይቀርም።

ልንነሣ ስንል አዴ ጫልቱ አንድ አንገተ ረጅም ቅል በዚያው ውኃ ሞልተው፣ አፉን በሣር ወትፈው ለአስካለ ሰጧት። አስካለ እጇን ሰበሰበች። ከድርን ጠርታ ቅሉን መቼ እንደምትመልስላቸው እንደማታውቅ ንገርልኝ አለችው። እሳቸው ሳይተረጎምላቸው ገባቸው።

«ስትመጪ» አሉ በአማርኛ።

አስካለ ቅሉን እያየች ብዙ ቆየች። ነገሩ ቀላል አይደለም። በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ የተቀበለች ሴት ባዶውን አትመልስም፤ የሆነ ነገር ሞልታ፣ በራሷ እጅ ነው የምታደርሰው። ቅሉን መቀበል ማለት ተመልሶ መምጣት ነው። ለገና ቡታጅራ የምትሄድ ሴት ኮተቤ ማዶ ዕዳ አትገባም። እኔ ይህን እያሰብኩ ላብ አጠመቀኝ፤ ከድር ሙቀቱ መስሎት ባርኔጣውን ሰጠኝ።

ቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ስንመለስ በእግር እስከ ኮተቤ፣ ከዚያ በከተማ አውቶቡስ ነበር። ለገዳዲን አላየንም። እስከ ዛሬም አላየሁትም፤ ውኃው ግን ይመጣል። አስካለ ቅሉን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ቆማ ነበር፣ ሰው ሲገፋት ቅሉን እንጂ ራሷን አልተከላከለችም።

ማታውን እኔ ለትራፊክ ጽሕፈት ቤት አራት ገጽ ማመልከቻ ስጽፍ፣ በእሑድ የሚደረግ ስብሰባ ከእሑድ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን ከሥሩ እያብራራሁ ሳለ፣ የሳጥኑ ቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። ልትዘጋ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልተዘጋም። ብዕሬን አስቀምጬ ሄድኩ።

ሳጥኑ ውስጥ፣ ከሁሉም በታች፣ እናቷ ስንወጣ የሰጧት አንድ ጣሳ ማር ነበር። ስምንት ወር አልከፈተችውም። እንግዳ ሆነሽ በተቀመጥሽበት ቤት የእናትሽን ማር አትከፍቺም፤ ይህን እሷ አላለችኝም፣ እኔ ነኝ ያሰብኩት። አሁን ለቅሉ የሚሆን ማር ያስፈልጋል፤ ማሩ ደግሞ ሥር ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው ሁሉ መውጣት ነበረበት። ቀሚሶቹ፣ ጋቢዎቹ፣ የሠርጓ ሽንሽን፣ ከነስባሪው የመጣ የሸክላ ሰሃን፣ ሁሉም አልጋው ላይ ተከምረዋል። ማሩን አወጣች። መልሳ መክተት ስትጀምር አንዱን ቀሚስ አንሥታ፣ ጨለማውን ሳጥን አየችና፣ ቁም ሣጥኑን አየች።

«ሳጥኑ ያጨማድደዋል» አለች፣ ማንንም ሳታይ። ቀሚሱን ሰቀለችው።

መስቀያዎቹ አልተንጫጩም። ወደ ማመልከቻዬ ተመልሼ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ዓይኔ ጭስ ነገር ገብቶበት ነበር። በቤቱ ውስጥ ጭስ አልነበረም።

ሰኞ ማመልከቻዬን ቴምብር ለጥፌ አስገባሁ። የተቀበለኝ ሰው ሁለት ገጽ አንብቦ፣ በጣም ጥሩ ተጽፏል ብሎ ሠላሳውን ብር ተቀበለኝ። የከፈልኩት ከድር ካበደረኝ ጋር ደባልቄ ነው። ማታ ከድር ቤታችን መጣ። እኔ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ሁሉንም እኔ ልክፈል አልኩ። እርሱ መኪናዋ የእኔ ናት፣ ታርጋዬን የማላውቅ እኔ ነኝ አለ። እየተከባበርን ልንጣላ ደረስን። አስካለ ከውስጥ መጣችና ጠረጴዛው ላይ የተቋጠረ መሐረብ አስቀመጠች። ቋጠሮውን አወቅሁት።

«ይኼማ የ…» ብዬ ቀረሁ።

«አዴ ጫልቱ ጋ በከድር መኪና ነው የምሄደው» አለች። «መሣፈሪያ ምን ያደርግልኛል?»

በሚቀጥለው እሑድ ሄድን፤ ፈረቃውን ትዕግሥት ከዋናው ቀን መቁጠሪያ ላይ ቆጥራ፣ እኔም ሳልከራከር። ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ አለ። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል በቀጭን የልጅ ጽሕፈት «ስብሰባ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ለገና የአስካለ እናት ወደ እኛ መጡ፤ አዴ ጫልቱም ያንኑ ቅል ቅቤ ሞልተው ላኩ። ቅሉ አሁን እኛ ዘንድ ነው። አንዱ ወገን ሲመልስ ሌላው ሞልቶ ስለሚልከው፣ የማን እንደሆነ የሚያስታውስ እየጠፋ ነው።

ሒሳቡን ግን ማስቀረት ልማዴ አይደለም። ቅጣት ሠላሳ ብር። መኪናዋን ሲጠብቅ ላደረ ዘበኛ ሁለት ብር። ለአራታችን የእሑድ፣ ለሁለታችን የሰኞ የአውቶቡስ አንድ ብር ከሃምሳ። ለማመልከቻው ወረቀትና ቴምብር አንድ ብር። ከድር አሥራ ሁለት ብር ከሰባ አምስት አወጣ፣ እኔ አሥራ ሁለት ብር ከሰባ አምስት፣ አስካለ ዘጠኝ ብር፣ ይኸውም የቡታጅራ መሣፈሪያ የነበረው።

ድምር፣ ሠላሳ አራት ብር ከሃምሳ ሳንቲም።